ላሊበላን ማን ጠረበው? ስለ ሮሃ (ላሊበላ) ውቅር፣ ማለትም ከአለት የተፈለፈሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

«መላእክት ብቻቸውን ሠሩት፤ የሰው እጅ የለበትም።»
ትውፊቱ ራሱ እንዲህ አይልም። ቀን ሰዎች ይጠርባሉ፣ ሌሊት መላእክት ያግዛሉ ነው የሚለው። በአንድ ሌሊት አለቀ የሚባለውም ቤተ አባ ሊባኖስ ነው፤ እሱም የንጉሥ ላሊበላ ባለቤት የመስቀል ክብራ ሥራ ተብሎ ይነገራል። የላስታን ጠራቢዎች ከታሪኩ የሚያወጣቸው የንጉሡ ገድል ሳይሆን ገድሉን ያላነበበ ሰው ነው።

«ከውጭ የመጡ የመስቀል ጦረኞች ሠሩት።»
ቴምፕላሮች የተባሉት የመስቀል ጦረኞች ላስታ ስለመድረሳቸው አንድም ማስረጃ የለም። ግድግዳው ግን ይመሰክራል። ቤተ አማኑኤልን ከውጭ ያየ ሰው አንዱ መስመር ገባ፣ አንዱ ወጣ ብሎ ያገኘዋል። ይህ አክሱማውያን ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የሚገነቡት ግድግዳ በአለት ላይ ሲቀረጽ ነው። በቤተ ጊዮርጊስ የታችኛው ረድፍ የሐሰት መስኮቶች ማዕዘን ላይም የእንጨት ጫፍ የሚመስል ጉብታ አለ። አለት እንጨት አያስፈልገውም፤ ጠራቢው እንዲህ ያደረገው ቤተ ክርስቲያን ምን መምሰል እንዳለበት ከአባቶቹ ስለተማረ ነው።

«ይምርሐነ ክርስቶስም ውቅር ነው።»
አይደለም። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በኖራ በተለሰነ ድንጋይ የተገነባ ነው። ቤተ አማኑኤል በአለት የቀዳው ግንብ በእውን ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ እዚያ ይሂድ።

«አሥራ አንዱም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት ናቸው።»
ዙሪያቸውን ከአለቱ ተለይተው የቆሙት አራት ናቸው፤ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ አማኑኤልና ጊዮርጊስ። አባ ሊባኖስ ጎኖቹ ተለይተው ጣሪያው ከአለቱ ጋር እንደተያያዘ ነው። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ መርቆሬዎስ ደግሞ መጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት ተጠርበው ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነዋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም ለአንድ ንጉሥ ዘመን መስጠት ያጠራጥራል።

«ከላይ ወደ ታች መቆፈር ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።»
ከላይ መጀመሩ እውነት ነው፤ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። በመጀመሪያ ዙሪያው ተቆፍሮ መሐል ላይ ያልተነካ አለት ይቀራል። የቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ጥልቀቱ 12 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የወጣው ፍርስራሽ ብዙ ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሁሉም በሰው ጉልበት ወደ ውጭ ተግዟል። ከዚያ ጣሪያው ይስተካከላል፣ ግድግዳው በመሮና በመዶሻ ይወርዳል፣ በርና መስኮት ይከፈታል፣ በዚያው ቀዳዳ ተገብቶ ውስጡ ይፈለፈላል። ዓምዱ፣ ቅስቱና ጉልላቱ የት እንደሚቀር አስቀድሞ ካልታወቀ ሥራው አበቃለት። ግንበኛ የተበላሸ ድንጋይ ይቀይራል፤ ጠራቢ አንዴ የቆረጠውን አይመልስም። ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ከግማሽ ያህል ይረዝማል፤ በውስጡ አምስት መተላለፊያ አለው። እዚያ የዓምድ መስመር ትንሽ ቢዛነፍ ወዲያው ይታይ ነበር።

ውኃው ሌላ ጣጣ ነው። በላስታ ክረምት ጉድጓድ ማለት ኩሬ ማለት ነው። ስለዚህ ግቢዎቹ ዘንበል ተደርገው፣ ከሥር ቦይ ተቆርጦላቸው፣ ሕንፃዎቹም ከፍ ባለ መደብ ላይ ቆመዋል። ሰው የቤተ ጊዮርጊስን የመስቀል ቅርጽ ፎቶ ሲያነሳ ይህን አያይም።

«አለት ስለሆነ ምንም አይነካውም።»
አለቱ እሳተ ገሞራ ወለድና ባለ ቀዳዳ ነው፤ ለጠራቢ የተመቸውን ያህል ለውኃም የተመቸ ነው። ዝናብ ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል፣ እየሰነጠቀ ይረግፋል። ቀዳዳውን የሚደፍን ልባስም መፍትሔ አልሆነም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተቀባው ሬንጅ መሰል ነገር ተመልሶ ተፍቋል፣ ምክንያቱም እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአንዳንዶቹ በላይ የተተከሉት ትላልቅ መጠለያዎችም በጊዜያዊነት ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ የምሰሶዎቹ ክብደትና ነፋስ ሲነሳ የሚፈጥሩት ጫና የአካባቢውን ካህናትና ምእመናን ሲያሳስብ ቆይቷል።