የቆንስላ ዳኝነት ምንድን ነው?

የቆንስላ ዳኝነት አንድ የውጭ አገር ሰው በሚኖርበት አገር ዳኛ ሳይሆን በገዛ መንግሥቱ ቆንስላ እንዲዳኝ የሚፈቅድ የውል መብት ነው። በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው አፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር በተዋዋሉት ውል 7ኛ አንቀጽ ነው። ሌሎች መንግሥታትም «ለአንዱ የተሰጠ ለእኛም ይገባል» የሚል አንቀጽ በየውላቸው ስለነበራቸው ያንኑ ጠየቁ።

መብቱ የሚጸናው የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ ነበር። እስከዚያው በወንጀል የተከሰሰን ፈረንሳዊ፣ ተበዳዩ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም እንኳ፣ የሚዳኘው ቆንስላው ነው። ኢትዮጵያዊና ፈረንሳዊ በገንዘብ ወይም በንብረት ሲሟገቱ ግን ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንስላው (ወይም ወኪሉ) አብረው ይቀመጣሉ። የሚፈረደው በተከሳሹ አገር ሕግ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ነገሩ ለንጉሠ ነገሥቱ ይቀርባል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያስቻሉበት የአዲስ አበባው ልዩ ፍርድ ቤት የቆመው ለዚህ ዓይነት ክርክር ነው።

እንግዲህ ከሳሽ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ተከሳሹ የማን ዜጋ እንደሆነ ነው። መልሱ ያለው በቆንስላው መዝገብ ውስጥ ነው፤ መዝገቡም በኢትዮጵያ ዳኛ እጅ አይደለም። የሥርዓቱ ከባዱ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ውሉ ዜጎችን ብቻ ሳይሆን «በጥበቃ ሥር ያሉትን» ጭምር ስለሚጠቅስ፣ የራሳቸው ቆንስላ ያልነበራቸው እንደ አርመን ያሉ ነጋዴዎች በአውሮፓውያን ጥላ ሥር ይገቡ ነበር። በሕግ ዓይን መመዝገብ ማስረጃ እንጂ ዜግነት ሰጪ አይደለም። በተግባር ግን የቆንስላው ወረቀት ሰውየውን ከአገሬው ዳኛ እጅ ያወጣዋል።

ከአገር ማስወጣት ሲመጣ ልዩነቱ ይገለጣል። መንግሥት የተባረረ ዜጋውን የመቀበል ግዴታ አለበት፤ ጥበቃ ብቻ ለሰጠው ሰው ግን ይህ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ጥበቃው ከዳኛ ያድናል እንጂ መግቢያ አገር አይሰጥም።

ኢትዮጵያ በበኩሏ ዜጋዋ ማን እንደሆነ በጽሑፍ የደነገገችው በሐምሌ 1922 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ ሰው ደግሞ 5 ዓመት የኖረና አማርኛ የሚያውቅ መሆን ነበረበት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት፣ የውጭ ሰዎችም ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ተገዙ፤ ሆኖም የውጭ ሰው ያለበት ክርክር በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲታይ ቢያንስ አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ እንዲቀመጥ ተደርጓል።