«ኦዞኑ ተቀዶ ነው» እና ሌሎች የቡና ላይ ክርክሮች

ኅዳር ሲገባ ጂማ ውስጥ ሰው ሁሉ አንጋጦ ሰማይ ያያል። እሸት ቡና ተለቅሞ አልጋ ላይ የሚሰጣበት ጊዜ ነው። ትንሽ ደመና ካንዣበበ ሸራ ይዞ መሮጥ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ጎረቤታችን፣ ጋሼ የምንላቸው ቡና ነጋዴ፣ አልቀናቸውም። ሌሊት ሳይታሰብ ዝናብ ወረደና ሊደርቅ ጥቂት ቀን የቀረው ጀንፈል ራሰ። በሳምንቱ ሻገተ።

ያን ሰሞን እኛ ቤት ቡና ተፈልቶ ጋሼም መጡ። «ዘመኑ ተበላሸ» አሉ ቁጭ እንዳሉ። በቃ፣ ወሬው ተጀመረ። አንዷ ጎረቤት «ኦዞኑ ተቀዶ እኮ ነው» አለች። የጋሼ ልጅ ፀሐይን ከሰሰ። ወንድሜ የአፋሩን እሳተ ገሞራ አመጣ። እናቴ ደግሞ ጀበናውን እያዘነበለች «ጫካውን ጨርሳችሁ ሰማይ ትከሳላችሁ?» አለች።

እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከአቦል እስከ በረካ ባወራም አልጨረስኩም። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

«ኦዞኑ ተቀዶ ሙቀት እየገባ ነው»

ይሄን ከተማሪዎቼ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ፈተና ላይም ይጽፉታል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ነው።

ኦዞን በአብዛኛው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ጋዝ ነው። ሥራው ከፀሐይ የሚመጣውን፣ ቆዳና ዓይን የሚጎዳውን አልትራቫዮሌት ጨረር ማጣራት ነው። ያሳሱት ድሮ ፍሪጅና የሚረጩ ነገሮች ውስጥ የነበሩ ኬሚካሎች ናቸው። «ቀዳዳ» የሚባለው ደግሞ በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ በደቡብ ዋልታ አናት የሚታይ ነው። ጂማ አናት ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ አገሮች ተስማምተው ኬሚካሎቹን ማስቀረት ጀመሩ። ንጣፉም ቀስ እያለ እያገገመ ነው። ኦዞኑ እያገገመ ምድር ግን መሞቋን አላቆመችም። ይሄ ብቻ ሁለቱን ነገሮች ይለያቸዋል።

ሙቀቱ የበዛው በቀዳዳ ገብቶ ሳይሆን መውጫ ስላጣ ነው። ጋቢ አስቡ። ጋቢ ራሱ እሳት የለውም። የገላችሁን ሙቀት ይዞ ያስቀራል እንጂ። ምድርም ቀን በፀሐይ ትሞቅና ሙቀቱን ወደ ጠፈር ትመልሳለች። የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ከዚያ ላይ ይዘው ያስቀራሉ። አማቂ ጋዞች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ይህ ጋቢ በተፈጥሮ መኖሩ ደግ ነው። ባይኖር የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር። ከጋቢው ጋር 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ችግሩ በጋቢ ላይ ጋቢ መደረባችን ነው።

(ለጎረቤቴ ፍትሐዊ ልሁን። ኦዞን የሚያሳሱት ኬሚካሎች ራሳቸው ኃይለኛ አማቂ ጋዞች ናቸው። ስለዚህ የሞንትሪያሉ ስምምነት ለአየር ንብረቱም ጠቅሟል።)

«ፀሐይዋ ናት የከረረችው»

የጋሼ ልጅ ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። ሙቀት ሁሉ ከእሷ ነውና መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፀሐይ ነው። ሳይንቲስቶችም የጠረጠሩት እሷን ነበር። ኃይሏ በ11 ዓመት ዑደት ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ግን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳተላይቶች በቀጥታ ይለኳታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዑደቷ ያለፈ ጭማሪ አላሳየችም። የምድር ሙቀት ግን በእነዚሁ ዓመታት ወደ ላይ ብቻ ነው የሄደው።

ከዚያ በላይ ደግሞ አሻራ አለ። ጥፋተኛዋ ፀሐይ ብትሆን አየሩ ከታች እስከ ላይ በሙሉ ይሞቅ ነበር። የሚታየው ሌላ ነው። እኛ የምንኖርበት የታችኛው አየር ሞቋል፤ የላይኛው፣ ስትራቶስፌር የሚባለው፣ ቀዝቅዟል። ይሄ የጋቢ ሥራ ነው። ጋቢ ስትለብሱ ውስጡ ይሞቃል፣ ውጪው አይሞቅም። በብዙ የምድር ክፍል ደግሞ ሌሊቱ ከቀኑ ፈጥኖ እየሞቀ ነው። ፀሐይ በሌለችበት ሰዓት ፀሐይን መክሰስ ይከብዳል።

«የአየር ንብረት ድሮም ይለዋወጥ ነበር»

ይሄ እውነት ነው። አብዝቼ የምወደውም ክርክር ነው፤ ምክንያቱም የኛ አገር መልክዓ ምድር ራሱ ይመሰክርለታል።

የባሌ ተራሮች በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ተሸክመው ነበር። ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ የዛሬው ሰሃራ በረሃ ሣርና ሐይቅ ነበረው። ያኔ በስምጥ ሸለቆ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ነበር። ዛሬ ሻሸመኔ ስንሄድ አንድ በአንድ የምንቆጥራቸው ሐይቆች የዚያ ቅሪት ናቸው።

ያን ሁሉ ሰው አላደረገውም። ያደረገው የምድር ዘንበል ማለትና ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ቀስ በቀስ መለዋወጡ ነው። እንዝርት እንደሚወዛወዘው ምድርም ትወዛወዛለች፣ ግን አንዱ ውዝዋዜ ከ20,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሌሎቹ ዑደቶች 41,000 እና 100,000 ዓመት ገደማ ናቸው።

እንግዲህ ፍጥነቱን ተመልከቱ። ካለፈው የበረዶ ዘመን ስትወጣ ምድር 5 ዲግሪ ገደማ ለመሞቅ ወደ 10,000 ዓመት ፈጅቶባታል። አሁን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ብቻ ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች፣ አብዛኛውም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ በኋላ ነው። ደግሞ የምድር ዑደት ብቻውን ቢሆን ዛሬ የሚገፋን ወደ ሙቀት ሳይሆን እጅግ ቀስ ብሎ ወደ ቅዝቃዜ ነበር።

ለጋሼ እንዲህ አልኳቸው፦ ቡና ድሮም በበሽታ ይረግፋል። ማሳው ውስጥ የጫማ ዱካ ካዩ ግን ሌባ ይፈልጋሉ። «እሱስ ልክ ነህ» አሉኝ።

«አንድ እሳተ ገሞራ ከሰው ሁሉ ይበልጣል»

ወንድሜ ያነሳው ሃይሊ ጉቢን ነው። ኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድ ደርሷል። ያን ምስል ያየ ሰው ይህን ቢል አይገርምም። ሒሳቡ ግን ተቃራኒው ነው። የዓለም እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ተደምረው በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ከሚያወጣው 1 በመቶ አይሞላም። ትልልቆቹ ፍንዳታዎች እንዲያውም ያቀዘቅዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲፈነዳ ወደ ላይ የወጣው ድኝ አዘል ጭጋግ ፀሐይን ከልሎ ምድርን ለጊዜው በግማሽ ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዟት ነበር።

«ተፈጥሮ ራሷ ከኛ የበለጠ ካርቦን ታወጣለች»

ታወጣለች። ግን መልሳም ታስገባለች። ይሄን ለማስረዳት የነጋዴ ሒሳብ ነው የሚሻለው።

ጋሼ፣ መጋዘንዎ በየቀኑ 100 ኩንታል ገብቶ 100 ኩንታል ቢወጣ ይሞላል? አይሞላም። አሁን አንድ ሰው በየቀኑ 5 ኩንታል ይጨምር። ሠራተኞቹ ተጣጥረው ግማሹን ያወጡለታል። ሌላው ግማሽ ይቀራል። ዛሬ አይታይም። በዓመቱ ግን በሩ አይዘጋም።

የምድር ሒሳብም በግምት ይሄው ነው። ዕፅዋት፣ አፈርና ውቅያኖስ የሚያወጡትንና የሚያስገቡትን አመጣጥነው ለሺህ ዓመታት ኖረዋል። ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 280 ገደማ ነበር። ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎአ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1958 ያለማቋረጥ መለካት ሲጀመር 315 ገደማ ደርሶ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ ታሽጎ የተገኘው አየር እንደሚያሳየው ከፋብሪካው ዘመን በፊት ባሉት 800,000 ዓመታት 300ን ያለፈበት ጊዜ የለም።

5 ኩንታሉ የማን እንደሆነም ይታወቃል። ከሰልና ነዳጅ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተቀበሩ ነገሮች ስለሆኑ ካርቦን-14 የሚባለው፣ በጊዜ ብዛት እየከሰመ የሚሄደው የካርቦን ዓይነት አልቆባቸዋል። በአየር ውስጥ የእሱ ድርሻ መቅጠኑ የአሮጌው ካርቦን ማኅተም ነው።

የምንተነፍሰውስ? የሚል ጥያቄም መጥቶ ነበር። እሱ ከበላነው እህል የመጣ ነው፣ እህሉም ከአየር የወሰደው። ዞሮ ዞሮ ያው።

«ይሄ የቅርብ ጊዜ የፈረንጅ ወሬ ነው»

የዐድዋ ድል የተገኘበትን ዓመት ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በወረቀትና በእርሳስ አስልቶ አሳተመ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ያኔ ጅሬን ላይ ሆነው ጂማን ይገዙ ነበር። ከዚያም 40 ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት ጋዙን በብርጭቆ ቱቦ ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ከተራ አየር ይልቅ እንደሚሞቅ አሳይታ ነበር። ወሬው ከቅድመ አያቶቻችን ዕድሜ ያንሳል ለማለት ይከብዳል።

«ጫካውን ስለጨፈጨፍን ብቻ ነው»

የእናቴ ክስ ግማሹ ልክ ነው። በግማሹ ተከራከርኳት፤ እስካሁንም ቅር ብሏታል።

ዛፍ ሲቆረጥ የያዘው ካርቦን ይለቀቃል። ጥላው ሲጠፋ አፈሩ ይግላል፣ ምንጩ ይደርቃል። በለጠ ጌራ ጫካ ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ነገር ግን በዓለም ደረጃ ሰው ከሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ፣ ከተፈጥሮ ጋዝና ከሲሚንቶ ነው። ደን መመንጠርና የመሬት አጠቃቀም ቀሪውን ይይዛሉ። ጂማ ዙሪያ አንድ ዛፍ ባይቆረጥም ሙቀቱ ይመጣ ነበር።

በተቃራኒውም ይሠራል። «ችግኝ ተከልን፣ ተገላገልን» የሚባል ነገር የለም። ችግኝ ካርቦን የሚይዘው ካደገ ነው። ሐምሌ ላይ ፎቶ ተነስቶ ጥር ላይ የደረቀ ችግኝ ምንም አይዝም። እኔ በበኩሌ አዲስ ከመትከል በፊት የቆመውን ጫካና የቦዬን ረግረግ ብናተርፍ ይሻለኛል። ረግረግ አፈሩ ውስጥ ብዙ ካርቦን ቀብሮ ይይዛል፣ ማንም ሳይተክለው።

«የፈጣሪ ቁጣ ነው»

አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው ይህን አሉ። እኔ ፈጣሪ ለምን እንዲህ እንዳደረገ አላስተምርም፣ ደፍሬም አልከራከራቸውም። የማስተምረው እንዴት እንደሆነ ነው። ጭሱ ከየት እንደወጣ ይታወቃል። ይሄን ስላቸው «እና የሰው ሥራ አይደል የሚያስቆጣው?» ብለው አስቀሩኝ።

«እኛ ምን አደረግን?»

ብዙም አላደረግንም። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም አማቂ ጋዝ 1 በመቶ አይሞላም። እስካሁን ከነዳጅና ከሰል ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩቡን ያህል ያወጣችው አሜሪካ ናት። በአሁኑ ዓመታዊ መጠን ደግሞ ቻይና ትመራለች። የኛ መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ ነው፤ ግልገል ጊቤ አንድ ከጂማ ብዙም አይርቅም።

«ብዙም» ማለት ግን «ምንም» አይደለም። የኛ ጋዝ የሚወጣው በዋናነት ከከብት፣ ከእርሻና ከደን ነው። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን ያገሳል። አንድ ኪሎ ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ ጥሩነቱ 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው አየር ላይ የሚቆየው።

ዕዳው የሌላ፣ ቡናው ግን የኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሁን ቡና ከሚያበቅለው የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና ላይመች እንደሚችል አስልቷል። ቡናው ወደ ደጋው መውጣት አለበት ማለት ነው። ወይም ጥላው መብዛት አለበት፤ ሰሳው፣ ብርብራው፣ ዋንዛው። ይሄን የጂማ ገበሬ ከማንም በፊት ያውቀዋል።

«ያ የኅዳር ዝናብ የአየር ንብረት ለውጥ ነው»

የመጨረሻው ስህተት የራሴ ወገን ስህተት ነው። ባለፉት ዓመታት ጎርፍም፣ ድርቅም፣ ብርድም ሲመጣ «የአየር ንብረት ለውጥ» ማለት ለምዶብናል። የአየር ንብረት የሚባለው የ30 ዓመት አማካይ ነው። የአንድ ሌሊት ዝናብ የአየር ሁኔታ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ጂማ እያንቀጠቀጠን ነው ብሎ ሙቀቱን መካድም የዚሁ ስህተት ሌላው ፊት ነው። በበጋ የሚጥል ዝናብ ድሮም ነበር። ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅና የህንድ ውቅያኖስ ሙቀት ሲገጣጠሙ ደግሞ ይበረታል፤ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ሶማሌ ክልልን ያጥለቀለቀው ጎርፍ እንዲህ በተገጣጠሙበት ጊዜ የመጣ ነው። የኛ ሙቀት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ተን ይሸከማል፤ ሲያወርደውም አብዝቶ ነው።

ስለዚህ ለጋሼ «ያንን አንድ ሌሊት ብቻ ነጥሎ በአየር ንብረት ለውጥ ላይ መለጠፍ አይቻልም» አልኳቸው።

ሲኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ።

«እሺ» አሉ፣ «ሸራውን ግን ከእንግዲህ አልጋው ሥር ነው የማሳድረው።»