«ትንሽ ጨው ሁሉንም ያስማማል»፦ ስለ አዳኝ ዓሣዎችና ጨው ቀመስ አኳሪየም የሚነገሩ ስህተቶች

ኦስካር የአማዞን ዓሣ ነው፤ ዕድሜውን የሚጨርሰው ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ነው። አረንጓዴው ባለ ነጠብጣብ ፓፈር (ሲፈራ ሰውነቱን የሚነፋ ዓሣ) ደግሞ የሚኖረው በእስያ ወንዞች ከባህር በሚገናኙበት አካባቢ ነው። ሁለቱም አዳኞች ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ግን ጣት እያከሉ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ገዢው ሁለቱንም ይወስዳል፣ «ትንሽ ጨው ጣል አድርግበት፣ ይስማማሉ» የሚል ምክርም ይመረቅለታል። ስንት ጊዜ ቢታረም ይኸው ምክር ተመልሶ ይመጣል፤ ዓሣ የሚፈጀውም እሱ ነው።

«ትንሽ» ስንት ነው? የተለመደው ልክ ለ20 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ማንኪያው 18 ግራም ያህል ይይዛል፤ በሊትር 0.9 ግራም መሆኑ ነው። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። እንግዲህ ማንኪያው ከባህሩ አርባኛ እጅ ብዙም አይበልጥም፤ ለፓፈሩ ምንም አልተደረገለትም። ትንሽ ፓፈር የሚጀምረው አንጻራዊ እፍጋቱ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.005 ከሆነ ውሃ፣ ማለትም በሊትር 7 ግራም ገደማ ነው። ሲያድግ 1.010 እና ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

አሁን ኦስካሩን እንይ። የኦስካር ደም ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው፣ በሊትር ወደ 9 ግራም። ስለዚህ ውሃ በመተንፈሻው ሳያቋርጥ ወደ ሰውነቱ ይገባል፣ ኩላሊቱም ቀን ከሌት ያስወጣል። በሊትር 2 ወይም 3 ግራም ጨው ይህን ሥራ ስለሚያቀልለት አይሞትም፤ ያኔ «ተስማማው» ይባላል። ለፓፈሩ ተብሎ ውሃው 1.010 ሲደርስ ግን በሊትር 13 ግራም ይሆናል። ከደሙ በላይ ማለት ነው፤ አሁን ውሃ ከኦስካሩ ይወጣል እንጂ አይገባም። ውሃው ዝቅ ብሎ ቢቀር ደግሞ የሚጎዳው ፓፈሩ ነው፦ ነጭ የነበረው ሆዱ ይጠቁራል፣ ጅራቱን ያጥፋል፣ ምግብ ይተዋል። ይህ በአንድ ሳምንት አይታይም። ከወራት በኋላ ሲመጣ «በሽታ ነው» ተብሎ መድኃኒት ይገዛል። ለሁለቱም የሚሆን መሃለኛ ቁጥር የለም። በዚያ ላይ ፓፈሩ የኦስካሩን ክንፍ ይነክሳል፤ ኦስካሩ ሊውጠው ሲሞክር ደግሞ ፓፈሩ ጉሮሮው ውስጥ ሊነፋበት ይችላል። ፓፈር ብቻውን ይቀመጥ፤ ጓደኛ የግድ ከሆነ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ጨው ቀመስ ውሃ የሚስማማቸው ሞኖ ወይም ስካት የተባሉት ዓሣዎች ይሁኑ።

«ጨው ጨው ነው» ይባላል። የአፍዴራም ሆነ ሌላ የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። አዮዲኑ አይደለም ችግሩ፤ መጠኑ ኢምንት ነው። የጎደለው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፒኤችን (የውሃውን የአሲድነት ልክ) 8 አካባቢ አጽንቶ የሚይዘው ካርቦኔት ነው። እነዚህን አሟልቶ የሚይዘው ለባህር አኳሪየም ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ጨው ነው። ከረጢቱ ክፍት ከቆየ እርጥበት ይስባል፣ ሚዛኑም ይሳሳታል።

200 ሊትር ገንዳን ከዜሮ ወደ 1.005 ማድረስ አምስት ሳምንት ይፈጃል። በየሳምንቱ 40 ሊትር ይቀየራል። የተቀዳው ውሃ ጨው ይዞ ስለሚወጣ የሚጨመረው መጠን እየበዛ ይሄዳል፦ 280፣ 336፣ 392፣ 448፣ 504 ግራም። ክሎሪኑ ከጠፋ ውሃ ጋር በበርሜል ይሟሟል፣ በአየር ፓምፕ ለሰዓታት ይናወጣል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል። ፍሬውን በቀጥታ ገንዳው ውስጥ መበተን የዓሣውን ቆዳ ያቃጥላል። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ለእያንዳንዱ 40 ሊትር 280 ግራም በቂ ነው።

ከመጀመሪያው ጨው በፊት አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣ መርዝ) ይለካ፤ ዜሮ ካልሆነ አይጀመር። ብዙ ጊዜ ውሃው ሳይቀየር የቆየ ገንዳ ፒኤቹ ይወርዳል፣ አሞኒያውም ብዙም በማይጎዳ መልኩ ተደብቆ ይቆያል። የባህር ጨው ፒኤቹን ከፍ ሲያደርገው ያው ክምችት በሰዓታት ውስጥ መርዝ ይሆናል። በማግስቱ ዓሣው ከላይ አየር ሲጎነጭ «ጨው ገደለው» ይባላል፤ የገደለው ግን አሞኒያው ነው። በነዚያ አምስት ሳምንታት አሞኒያና ከእሱ የሚፈጠረው ናይትራይት በሳምንት ሁለቴ ይለካ፤ እነዚህን የሚያፈርሰው የፊልተሩ ባክቴሪያ አዲሱን ውሃ እስኪለምድ ሥራው ይቀንሳልና።

«ውሃ ሲተን ጨውም አብሮ ይሄዳል»፦ አይሄድም። ለተነነው ውሃ ምትክ የሚጨመረው ጨው የሌለበት ውሃ ነው። በሊትር 3 ግራም ጨው ያለው 200 ሊትር ገንዳ በሳምንት 10 ሊትር ቢተንበትና በጨዋማ ውሃ ቢሞላ፣ ውሃው ሳይቀየር በስምንት ሳምንት 600 ግራሙ 840 ይደርሳል።

«ሃይድሮሜትሩ አይዋሽም»፦ የውሃውን እፍጋት የሚለካው የዚህ መሣሪያ መርፌ ላይ የአየር አረፋ ከተለጠፈ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ነካ ነካ አድርጎ አረፋውን ማስለቀቅ፣ ከተለካ በኋላም በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

«ቱርካና ጨዋማ ነው፣ ናይል ፐርችም ይኖርበታል፤ ስለዚህ አዳኝ ዓሣ ሁሉ ጨው ይወዳል»፦ ኦሞ ወንዝ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ውሃ በሊትር ያለው ጨው 2.5 ግራም ያህል ነው፣ ዋናውም ሶዲየም ባይካርቦኔት እንጂ የባህር ጨው አይደለም።

«ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል»፦ ኦስካር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ በጠባብ ገንዳ ደግሞ ይታመማል።

«አዳኝ ሕያው ዓሣ ካልበላ አይጠግብም»፦ ጎልድፊሽ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው፣ በሽታም ይዞ ይገባል። ለኦስካር እንክብል መኖና የተላጠ ሽሪምፕ ይበቃዋል። ፓፈር ግን ጥርሱ ሳያቋርጥ ስለሚያድግ ዛጎል ያለው ምግብ የግድ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀንድ አውጣ ካልሰበረ ጥርሱ ረዝሞ አፉን ይዘጋበታል።