የጥምቀት ገንዳው ጠርዝ ለምን ተሸረፈ?

በእንግሊዝ ገጠር ወዳለ ጥንታዊ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ ብዙውን ጊዜ ከበሩ አቅራቢያ የድንጋይ የጥምቀት ገንዳ ያገኛሉ። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ወደ ክርስትና የሚገባው በጥምቀት ነውና። ጎብኚን የሚያደናግረው ግን ጠርዙ ነው። ግራና ቀኙ ተሸርፎ፣ የዛገ ብረት ተቀብሮበት ወይም በሌላ ድንጋይ ተጠግኖ ይታያል። የጦርነት ጠባሳ የሚመስላቸው አይጠፉም።

አብዛኛውን ጊዜ ግን የቁልፍ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ገንዳዎች ተከድነው እንዲቆለፉ አዘዙ። ውሃው ለእያንዳንዱ ሕፃን አዲስ አይቀዳም ነበር፤ በተለይ በፋሲካ ዋዜማ ተባርኮ እዚያው ይቆያል። ድንጋይ ውሃ ስለሚያሰርግም ውስጡ በእርሳስ ማዕድን ይለበጣል። ሥጋቱ ሰዎች ሰርቀው ለአስማት እንዳያውሉት ነበር። ጠበል በጀሪካን ቀድቶ ለሚሄድ የአገራችን ምእመን ይህ ጥብቅነት እንግዳ ነው፤ ነገር ግን ይኸኛው ቅብዐ ቅዱስ የተጨመረበት፣ ለጥምቀት ብቻ የተለየ ውሃ ነው።

ስለዚህ የብረት ቀለበቶች በቀለጠ እርሳስ ጠርዙ ላይ ተተከሉ፤ ክዳኑም በመወርወሪያ ተቆለፈ። ኋላ ቁልፉ ሲቀር፣ ቀለበቱ እየተነቀለ ድንጋዩን ይዞ ወጣ። ክዳኖቹ በአብዛኛው ጠፍተዋል። በሳፎክ አውራጃ፣ በኡፎርድ መንደር ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ክዳን ግን ወደ ጣሪያው የሚመዘዝ ድንቅ የእንጨት ቅርጽ ነው፤ በ1644 ሥዕልና ምስል ሊያጠፋ የመጣው ዊልያም ዳውሲንግ እንኳ አላፈረሰውም። የቁልፍን ጠባሳ ከተራ ስብራት ለመለየት፣ ትይዩውን ጠርዝ ይመልከቱ፤ ጥንዱ እዚያ ካለ ቁልፍ ነበር ማለት ነው።