የማይታወቀውን ካፓሲተር ከድግግሞሹ ማግኘት

ኢንዳክተር (የሽቦ ጥቅል) እና ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያከማች አካል) ተገናኝተው ጅረቱ በመካከላቸው ሲወዛወዝ፣ ድግግሞሹና የአንዱ ዋጋ ከታወቀ የሌላው ይሰላል። የማዕዘን ድግግሞሹን ካሬ በኢንዳክተሩ ዋጋ አባዝቶ 1ን ለውጤቱ ማካፈል ነው።

ግራ የሚያጋባው «የማዕዘን» የሚለው ቃል ነው። ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ የምናነበው ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ የሚደረግ የውዝዋዜ ብዛት ነው፤ ካሬ ከመደረጉ በፊት በ2ፓይ መባዛት አለበት። ኢንዳክተሩ 1 ሚሊሄንሪ (0.001 ሄንሪ)፣ ድግግሞሹ 50 ኪሎሄርዝ ይሁን። 50,000 በ2ፓይ ሲባዛ 314,159 ገደማ ይሆናል፤ ካፓሲተሩም ወደ 10.1 ናኖፋራድ ይመጣል። 2ፓይን የረሳ ሰው 400 ናኖፋራድ ያገኛል፤ 40 እጥፍ ገደማ ስህተት! ትንሽ ሬዚስታንስ ቢኖርም ውጤቱን እምብዛም አይቀይረውም። የኦሲሎስኮፑ ፕሮብ (ወረዳውን የሚነካው መለኪያ ጫፍ) ግን የራሱን ጥቂት ፒኮፋራድ ይጨምራል፤ ካፓሲተሩ በጣም ትንሽ ከሆነ ይህን የፕሮቡን ድርሻ ከውጤቱ ላይ መቀነስ ያስፈልጋል።