ከፍታና የአየር ግፊት የሚለካ የእጅ ሰዓት በኢትዮጵያ ደጋ

ለተራራ ጉዞ በተሠሩ የስፖርት ሰዓቶች ጎን ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። አየር በእነርሱ በኩል ገብቶ ውስጥ ያለውን የግፊት መለኪያ ያገኘዋል። አልቲሜትሩም (የከፍታ መለኪያው) ባሮሜትሩም (የአየር ግፊት መለኪያው) የሚጠቀሙት ይህንኑ አንድ መለኪያ ነው። ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከራሱ በላይ ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1648 የፈረንሳዊው ሳይንቲስት የብሌዝ ፓስካል የእህቱ ባል ፍሎረን ፔሪዬ የሜርኩሪ ቱቦ ተሸክሞ ፈረንሳይ ውስጥ ፑይ ደ ዶም ተራራ ላይ በመውጣት ያሳየው ይህንን ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሐድ) እንዲቀንስ 8 ሜትር ያህል መውጣት ይበቃል፤ አየሩ በሳሳበት በ3,600 ሜትር ግን 12 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ግፊቱ የቀነሰው ባለቤቱ ዳገት ስለወጣ ይሁን አየሩ ስለተለወጠ በራሱ አያውቅም። ሰዓቱን በጉዞ ላይ በአልቲሜትር፣ የድንኳን ሰፈር ላይ ሲያርፉ በባሮሜትር እንዲሠራ ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በእኛ አገር ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ያስፈልጋል። በሐሩር ክልል የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀኑና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ሰፈር ላይ ጠዋት ከድንኳን ምሰሶ የተንጠለጠለ ሰዓት ማንም ሳይነካው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ «ወጥቶ» ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከፍታው በትክክል በሚታወቅ ቦታ ሁሉ ቁጥሩን ማስተካከል ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ መታወቅ ያለበት የማዕበል ማስጠንቀቂያው ነገር ነው። በብዙ ሰዓቶች የሚጮኸው ግፊቱ በ3 ሰዓት ውስጥ 4 ሄክቶፓስካል ያህል ሲወርድ ነው። ይህ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰፋፊ ማዕበሎች ይሠራል። የክረምቱ የከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ግን ግፊቱ እንደ ወትሮው ዝቅ በሚልበት ሰዓት፣ ያን ያህል ሳይቀንስ ይመጣል። ሰዓቱ ዝም አለ ተብሎ ሸንተረር ላይ መቆየት አደገኛ ነው፤ ደመናው ሲጠቁርና ሲቆለል መውረድ ይሻላል።

ሙቀትም ስሌቱን ያዛባል። ሰዓቱ የሚያሰላው በባሕር ጠለል 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ አየር እንዳለ አድርጎ ነው። የእኛ ደጋ ከዚህ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ስለሚሳሳ፣ ሰው ሲወጣ ግፊቱ የሚቀንሰው ሰዓቱ ከሚጠብቀው ባነሰ መጠን ነው። ከጨነቅ ተነሥቶ የቧሂት ተራራ ጫፍ ለመድረስ 800 ሜትር ያህል የወጣ ሰው ሰዓቱ ላይ 40 ሜትር ገደማ ጎድሎ ቢያገኘው ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ከቦሌ በድሪምላይነር (ቦይንግ 787) አውሮፕላን የሚበርር ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ማረፊያው 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአውሮፕላኑ የውስጥ ግፊት ግን ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል። አውሮፕላኑ ወደ ሰማይ ሲወጣ እጅ ላይ ያለው ሰዓት ቁልቁል ይቆጥራል።