የሕፃኑ ጭንቅላት ትልቅ ነው፤ ጎበዝ ይሆናል?

ጅማ ውስጥ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ፣ ገንፎው ቀርቦ ቡናው እየተቆላ፣ ከእናቶች አንዷ የሕፃኑን ራስ ዳበስ አድርጋ «ይህስ ሊቅ ይሆናል» ትላለች። ምርቃቱን እወደዋለሁ። አጠገቧ ጭንቅላቱ አነስ ያለ ልጅ የታቀፈች እናት አንገቷን ስትደፋ ሳይ ግን አንጀቴን ይበላኛል። ባዮሎጂ አስተምራለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ሲባል የምሰማውን አንድ በአንድ ልመልከተው።

«አንጎሉ የገዘፈ በዕውቀት ይበልጣል።» ስፐርም ዌል የተባለው ዓሣ ነባሪ 8 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አንጎል አለው፤ የእኛ 1.4 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። የአልበርት አንስታይን አንጎል ሲመዘን 1,230 ግራም ነበር፤ ከወንዶች አማካይ ያነሰ ነው። በሰዎች መካከል በአንጎል መጠንና በማሰብ ችሎታ ፈተና ውጤት መካከል ዝምድና መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ደካማ ስለሆነ ስለ አንድ ልጅ ምንም አያስተነብይም።

«የወንድ አንጎል ስለሚከብድ ወንድ ይበልጣል።» ክብደቱ በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ በአማካይ የማሰብ ችሎታ ግን ብልጫ የለውም።

«እንግዲያው ወሳኙ የነርቭ ሴሎች ብዛት ነው» ይሉኛል ተማሪዎቼ። ይህ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ሴሎቹ የት እንዳሉ ግን መጠየቅ አለብን። ብራዚላዊቷ የአንጎል ተመራማሪ ሱዛና ኸርኩላኖ ሁዜልና ባልደረቦቿ የአንጎልን ሕብረ ሕዋስ ወደ ፈሳሽ ለውጠው የሴሎቹን ኒውክሊየስ (የሴሉን እምብርት) ቆጠሩ። ሰው 86 ቢሊዮን ገደማ፣ የአፍሪካ ዝሆን 257 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎች እንዳላቸው ተገኘ። ከዝሆኑ ውስጥ 251 ቢሊዮኑ ያሉት በማጅራት በኩል ባለው፣ እንቅስቃሴን በሚያስተባብረው ሴሬቤለም ነው። ለማሰብና ለማቀድ ዋና በሆነው የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ዝሆኑ 5.6 ቢሊዮን ብቻ ሲኖሩት እኛ 16 ቢሊዮን ገደማ አሉን። ይህም ቢሆን ነገሩን አይዘጋውም፤ ፓይለት ዌል የተባለ ሌላ ባሕር ኗሪ በዚሁ ሽፋን ከእኛ እጥፍ በላይ አለው።

«ትንሽ አንጎል ደካማ ነው።» ቁራ ከ20 ግራም በታች በሆነ አንጎሉ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ሴሎችን አጭቆ ይይዛል። በጅማ ጫካ ቀፎ የሚሰቅሉ አባቶች የሚያውቋት ንብ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ አላት። በዚያችው አበባው ያለበትን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ለጓደኞቿ ትናገራለች።

ታዲያ ጤና ጣቢያ የሕፃኑን ራስ ዙሪያ በሜትር የሚለኩት ለምንድን ነው? ጉብዝናውን ሳይሆን ጤናውን ለመከታተል ነው። የጭንቅላቱ እድገት ከልክ በላይ ሲፈጥን ውስጡ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ሲዘገይም ምክንያቱ ይመረመራል። ስለዚህ እናት በቀጠሮዋ ልጇን ትውሰድ። ባለሙያው የሚመለከተው አንዱን ልኬት ብቻ ሳይሆን ከወር ወር ያለውን አካሄድ ነው።